የድሬሰሩ ክንድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ድሬሰር ነበረ። በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁስል አጥቦ፣ መርፌ ወግቶ፣ ክኒን ቆርሶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ቢወጣም ከተማው «ዶክተር» ማለቱን አልተወም። ዶክተር አለመሆኑን እሱም ያውቃል፣ ጠሪዎቹም ያውቃሉ። አንድም ቀን ግን አላረማቸውም።

እዚህ በሰው አገር፣ እንስሳት ሐኪሙ በር ላይ፣ እስኪጠሩን ድረስ ስሚኝ፣ ልጄ። ያችን ያረጀች ውሻሽን በፎጣ ጠቅልለሽ ታቅፈሻታል። ለወገብሽ ከታዘዘልሽ ክኒን ሦስት ቀን እንደሰጠሻት ለእኔ በሹክሹክታ ነገርሽኝ፤ እዚያ ውስጥ ላለው ሐኪም ግን «ምን እንደነካት አላውቅም» ልትዪው ነው። «እትዬ፣ እውነቱን ብናገር፣ ይቺ ደግሞ ከየት አገር የመጣች መሃይም ናት አይሉኝም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ተናገሪ» ብዬሽ ዝም ብል፣ እሺ ትይኝና ስትገቢ ትደብቂያለሽ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ድሬሰሩ የሚኮራበት ነገር ክንዱ ነበር። የጤና ጣቢያው ሚዛን የተሰበረ ጊዜ አዲስ እስኪላክ ሁለት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እናቶች ልጃቸውን ያቀብሉታል፤ እሱ በቀኝ ክንዱ ከፍ ያደርገዋል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ «ዘጠኝ ኪሎ ተኩል» ይላል። ከዚያ ክኒኑን በዚያው ልክ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይቆርሳል፤ ለዚህኛው ግማሽ፣ ለዚያኛው ሩብ። አዲሱ ሚዛን የመጣ ቀን ሰው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። ድሬሰሩ አንድ ሕፃን አነሣና «ዐሥራ አንድ» አለ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት፤ ዐሥራ አንድ። ድሬሰሩ ሚዛኑን ከላይ እስከ ታች ገርመም አድርጎ አየውና፣ «ደህና ነው፣ ይሠራል» አለ። ከተማው ይህን እስከ ዛሬ እያወራ ይስቃል።

ሌላው ኩራቱ ግድግዳው ላይ ነበር። አንዲት እናት እቤት ያጠጣችውን ነገር ደብቃ ሕፃኗ እጁ ላይ ሞተ። በማግስቱ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዛና ከመርፌ ክፍሉ በር በላይ በገዛ እጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «እቤት የወሰዱትን ሳይደብቁ ይናገሩ።» ከዚያ ወዲህ የሚደብቀውን ሰው አይምርም ነበር። «ኮሶሽን ግጥም አድርገሽ ጠጥተሽ፣ እኔን ባዶ ሆዴን ነኝ ትዪኛለሽ?» እያለ ሲጮህ ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማል። ለደግ ነው ብሎ ያምናል፤ ለደግም ነበር። በወረፋው ሁሉ ፊት መዋረድ ምን እንደሚመስል ግን ቀምሶት አያውቅም።

ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም እዚያ ተመደበች። ለእብድ ውሻ በሽታ ዘመቻ ሁለቱ ቤቶች አብረው እንዲሠሩ ስብሰባ ተጠራና፣ ሰብሳቢው «የሥራ ባልደረቦች ናችሁ» ብሎ እሷንና ድሬሰሩን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ድሬሰሩ ተነሥቶ ወንበር ቀየረ።

«አህያ መውጋት ሕክምና ከሆነማ፣ ቄራ ያለው ሁሉ ቀዶ ጠጋኝ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሲሠሩ ሰላምታቸው የአንገት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ድሬሰሩ ውሻ ነበረው፤ መከታ ይባላል። ገጠር ለክትባት ሲወጣ አብሮት ይወጣል፣ ጅረት ሲሻገር አብሮት ይሻገራል፣ በአዘቦት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ተጋድሞ ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቀዋል። ሁለቱም አብረው አረጁ። ጠዋት ጠዋት አንዱ ጉልበቱን ይዞ፣ ሌላው የኋላ እግሩን እየጎተተ ለመነሣት ሲታገሉ፣ የድሬሰሩ ሚስት «እስቲ ዛሬ ማን ይቀድም ይሆን?» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ለጉልበቱ ሴት ልጁ ከውጭ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ላከችለት፤ ሦስት መቶ ፍሬ የያዘ ነጭ ጠርሙስ። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ፍቅራችንን የምንልከው በጫማና በክኒን ነው፤ ጫማው ለማን እግር እንደሚሆን፣ ክኒኑን ማን እንደሚውጠው አንጠይቅም። ለድሬሰሩ ክኒኑ ሠራለት። በሳምንቱ ያለ ምርኩዝ ገበያ ወጣ።

ከገበያ ሲመለስ መከታ ሊቀበለው ተነሣና ወደቀ። ሲወድቅ ጮኸ። ድሬሰሩ ልቡ ተነካ፤ ይህ ውሻ ጅብ ትከሻውን ቦጭቆት ሳለ እንኳ ድምፅ ያላወጣ ውሻ ነው። ጎንበስ አለና በቀኝ ክንዱ ከሆዱ ሥር ይዞ ከፍ አደረገው። ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ሃያ ኪሎ» አለ። «የስድስት ዓመት ልጅ።»

«ልጅ ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

«ለመድኃኒት ኪሎ ኪሎ ነው። አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ።»

«እኔማ እልጣለሁ። ግን ማዶ ያለችውን ሐኪም አንዴ ብትጠይቃት ምን ይልሃል?»

«ማንን? ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ያከምኩ ሰው፣ ስለ ገዛ ውሻዬ አህያ ወጊ ልጠይቅ?»

ሚስቱ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ድሬሰሩ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚገባውን አሰበና ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ በዳቦ እየጠቀለለ ያጎርሰው ጀመር። ከራሱ ጠርሙስ ነው። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለመከታ። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም፤ ያለውን ምርጥ ነገር ነው ያካፈለው። አንቺም እንደዚያው ነው ያደረግሽው፤ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን መከታ እስከ አጥሩ በር ሮጠ። የአህያ ጋሪ አይቶ ጮኸ፤ ጋሪው ካለፈ በኋላም በደንብ ጮኸ። ድሬሰሩ ደስታውን መያዝ አቃተው። ጎረቤት ጠራ። «ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው! እዩት! ማዶ ብወስደው ኖሮ ከበሬ ጋር አስራ ትወጋልኝ ነበር» አለ። ጎረቤቶቹም «ዶክተር መቼ ይሳሳታሉ!» አሉት። ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ሰምቶት አልጠገበውም።

በዘጠነኛው ቀን መከታ ዳቦውን ሸቶ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አስመለሰው። ከዚያ ከግንቡ ጥግ ሄዶ ተጸዳዳ፤ የወጣው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነበር።

ድሬሰሩ ቆሞ አየው። ይህን ጥቁረት ያውቀዋል። ስንቱን ገበሬ «እንዲህ ካየህ ጨጓራህ ደም እያፈሰሰ ነውና በሩጫ ና» ብሎ አስተምሯል! ምን እንደሆነ አወቀ፤ ከምን እንደመጣም አወቀ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ? ግራ ቀኙን አየና በጫማው አፈር ገፍቶ ሸፈነው።

ቀና ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«እሱን ሸፈንከው» አለች። «ውሻውንስ በምን ልትሸፍነው ነው?»

ድሬሰሩ ገብቶ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ፤ ሥራ ይሄድ በነበረበት ጊዜ እንደሚለብሰው ማለት ነው። መከታን በጋቢው ጠቀለለው። የጠሩት የባጃጅ ነጂ «አባቴ ይሙት ውሻ አልጭንም» ብሎ ትቷቸው ሄደ። ስለዚህ ድሬሰሩ ሃያውን ኪሎ በሁለት ክንዱ ታቀፈና፣ በታመመ ጉልበቱ፣ ሰው በሚበዛበት በገበያው መካከል አለፈ። በዚያ አገር ውሻ የሚታቀፍ ሰው የለም፤ ሽማግሌ ደግሞ፣ ያውም «ዶክተር»፣ ጭራሽ ታይቶ አይታወቅም። ሦስት ጊዜ አረፈ። በሦስቱም ጊዜ አንዱ ሲጠቁም አየ፣ ሌላው ሳቁን ሲያፍን ሰማ።

እንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በሬና ፍየል፣ አህያና ሰው ሞልቶታል። አህያው ጀርባው የቆሰለበት አንድ ሽማግሌ ወረፋው ራስ ላይ ነበር።

«አቤት አቤት! ዶክተር፣ እርስዎም ዛሬ ከእኛ ጋር ወረፋ ያዙ?» አለው።

«ያዝኩ» አለ ድሬሰሩ።

«እንዲያው ከአህያዬ ቀጥሎ ይሁን ከፊት?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ራሱም ሳቀና፣ ከዚያ በጋቢው ውስጥ ያለውን ሲያይ ሳቁን ተወ። አህያውን ጎትቶ ቦታውን ለቀቀለት።

ሐኪሟ ወጣች። አርባ ዓመት አልፏት ጸጉሯ ጆሮዋ ላይ መሸበት ጀምሯል። ያንን ስብሰባ ያልረሳች ለመሆኗ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። መከታን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፤ ድዱን ገልጣ አየች፣ ነጭ ሆኗል፤ ሆዱን ዳሰሰች፣ አቃሰተ። የኋላ እግሩን ዘረጋች፣ አሁንም አቃሰተ። በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋው በሙሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

«የሰጡት መድኃኒት አለ?»

ይህን ጥያቄ ድሬሰሩ ስንት ሺህ ጊዜ ጠይቆታል። ተጠያቂ ሆኖ ግን አያውቅም። ከበሩ ውጭ ያሉትን ፊቶች አየ፤ ከመካከላቸው አንድም የማያውቀው የለም፤ ሁሉንም ወግቷቸዋል፣ ብዙዎቹን ሰድቧቸዋል። ምላሱ ከእሱ ቀድማ ተናገረች።

«ምንም» አለ።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «የበላው ነገር ይኖራል። ከዚያ በፊት ግን ሕመሙን ላስታግስለት፤ እግሩም በጣም ይዞታል» አለችና ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አውርዳ መርፌዋን ሞላች።

ድሬሰሩ ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም አነበበ። የጠርሙሱ ክኒን ዘመድ ነው። የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው። በሚደማ ጨጓራ ላይ ያ መርፌ ቢገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ድሬሰር መሆን ይበቃል። መከታ በመርፌው ሊሞት ነው፤ የሚሞተውም በሐኪሟ እጅ ይሆናል፤ ከተማውም «አህያ ወጊዋ ገደለችው» ይላል። ማንም አያውቅም። ስሙ እንደ ነበረ ይቀራል።

ሐኪሟ የመከታን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘች።

«ይቆዩ!» አለ ድሬሰሩ።

ያንኑ ገበያ ድረስ የሚሰማ ድምፁን ነው ያወጣው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ አንድ በሬ ብቻ ያመነዥካል።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «ክኒን ሰጥቼዋለሁ። የሰው ክኒን ነው፣ ለጉልበቴ የተላከልኝ፤ ከዚህ ከብልቃጡ ጋር አንድ ወገን ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ዘጠኝ ቀን። በኪሎው አስቤ ነው የሰጠሁት፤ ሃያ ኪሎ ነው። ያደማሁት እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱንም ከኮቱ ኪስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከቤት ሲወጣ ይዞት ነበር የወጣው። ልቡ ቀድሞ ሊናገር ፈልጎ ነበር ማለት ነው፤ ምላሱ ነች የከዳችው።

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። ውሻውን ወደ ወለሉ ሚዛን አወረደችው። ሃያ አለ።

«ክንድዎ አልተሳሳተም» አለችው። «ልጅ ያሉት ነው የተሳሳተው። እኛ የምንችለውን ይህን ክኒን የውሻ ጨጓራ አይችለውም፤ ኩላሊቱም አይችለውም። ኪሎው ቢስተካከል አካሉ ሌላ ነው። አሁን ባይነግሩኝ ኖሮ እኔ እጨርሰው ነበር።»

ከበሩ ውጭ ፍየል የያዘች አሮጊት ዝም ማለት አልቻለችም።

«ዶክተር!» አለች። «እኔን ያን ጊዜ በስንት ሰው ፊት ነበር ኮሶ ጠጥተሽ ዋሸሽ ያሉኝ? ግድግዳው ላይ ያለውንስ ጮክ ብለሽ አንብቢ አላሉኝም?»

ድሬሰሩ ዞረ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ብዬሻለሁ። ሰድቤሻለሁም። ዛሬ ተራሽ ነው፤ ስደቢኝ።»

አሮጊቷ አፏን ከፈተች፤ አየችው፤ ዘጋችው። «ውሻው ይዳን እስቲ መጀመሪያ» አለች።

ሐኪሟ ግሉኮስ አወጣች፤ መስቀያው ግን ተሰብሮ ከርሟል። የግሉኮሱን ላስቲክ ለድሬሰሩ ዘረጋችለት። «ድሬሰር፣ ይህን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» አለችው።

ድሬሰር ነው ያለችው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በገዛ የሥራ ስሙ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው። ክንዱን ከፍ አደረገ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይደገፍ፣ ሳይቀመጥ፣ ክንድ ሳይቀይር ያዘ። ወረፋው በአጠገቡ አለፈ፤ በሬው ታየ፣ ፍየሏ ታየች፣ የአህያው ጀርባ ታጠበ። ያለፉት ሁሉ አዩት። እሱም ፊቱን ከማንም አላዞረም። ያን ቀን ያዩት ሰዎች ሲናገሩ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አይተነው አናውቅም ይላሉ።

መከታ ዳነ። ዳነ ስልሽ ወጣት ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሟ በሰጠችው በውሻ መድኃኒት፣ በለስላሳ መኝታ፣ እያነከሰ ሌላ አንድ ዓመት ኖረና በእርጅናው ሞተ። ድሬሰሩ ግን ክሊኒኩ በሄደ በሳምንቱ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ተመለሰ። ሐኪሟን አስፈቀደና ከበሯ በላይ ጻፈ፤ «ለእንስሳዎ እቤት የሰጡትን ሳይደብቁ ይናገሩ።» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሙሉ ስሙን አስፍሮ፣ «እኔ ደብቄ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ሚስቱ «ስምህን ባትጽፈው ምን ነበር?» ስትለው፣ «እንዴ! ምን ብዬ? የደበቅኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አላት።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ያ ድሬሰር አንቺ ነሽ። ፎጣው ጋቢው ነው፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያለውም ያው ጠርሙስ ነው፤ ይዘሽው መምጣትሽን አይቻለሁ። ከየት አገር መጣች ይሉኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ። ያቺ ባለ ነጭ ቡችላ ሴትዮ እዚህ የተቀመጠችው ለምን ይመስልሻል? እሷም ከራሷ ክኒን ሰጥታ ነው፤ ቅድም ለጸሐፊዋ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ ማንም አገሯን አልጠየቃትም። ይህ ስህተት አገር የለውም፤ የሚወድ ሰው ያለበት ሁሉ አለ። መደበቁን ነው ኩራት ብለን ስም ያወጣንለት። እኔ በዚህ አገር ብዙ ዓመት የት እንደሚያመኝ ለማንም ሳልናገር ኖሬ፣ ኩሩ ሴት ተብያለሁ። ኩራት አልነበረም። አፈር በጫማ እየገፋሁ ነበር። ኩራትስ የድሬሰሩ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየው ክንዱን ከፍ አድርጎ የቆመበት።

ይኸው ጠሩሽ። ተነሺ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ። የክኒኑን ስም፣ ስንት ፍሬ፣ ስንት ቀን፣ ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከየት ነሽ ካሉሽም፣ እሱንም ንገሪያቸው።